ኢስታንቡል ላይ ምግብ አብዝቼ ሆዴ ታወከ፤ ገና ስድስት ቀን ይቀረኛል

ጥያቄ፦ ነጋዴዋ

ጤና ይስጥልኝ እኅቶቼና ወንድሞቼ። ዕድሜዬ 46 ዓመት ሲሆን አዲስ አበባ ውስጥ የሴቶችና የልጆች ልብስ እነግዳለሁ። ዕቃ ለመግዛት ኢስታንቡል ከገባሁ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው፤ የምመለሰው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ጾሜ፣ ፋሲካን ከቤተሰቤ ጋር አሳልፌ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ተሳፈርኩ። ይህን ማንሣቴ ሆዴ ለሁለት ወር ገደማ ቅቤና ሥጋ ሳያይ ቆይቶ እንደነበር እንድትረዱልኝ ነው።

የደረስኩ ዕለት ጠዋት ዕቃ የሚያቀርብልኝ ነጋዴ ለቁርስ ጋበዘኝ። እኔ የጠበቅሁት ሻይና ዳቦ ነበር፤ የቀረበው ግን ጠረጴዛው ላይ ክርን ማሳረፊያ እስኪጠፋ ድረስ በትናንሽ ሳሕን የተደረደረ ምግብ ነው፤ የአይብ ዓይነት፣ ወይራ፣ ካይማክ የሚሉት ወፍራም ስልባቦት ከነማሩ፣ በቲማቲምና በቃሪያ የተሠራ ሜኔሜን የሚባል እንቁላል፣ ሱጁክ የሚሉት ቅመም የበዛበት ቋሊማ፣ ባለቀ ቁጥር የሚተካ ዳቦ። ምሳ ላይ ደግሞ ሌላው አቅራቢ ኢስኬንደር አዘዘልኝ። ከሥሩ የተቆራረጠ ቂጣ፣ ከላዩ በስሱ የተላጠ ሥጋና የቲማቲም ስልስ፣ ከጎኑም እርጎ አለው፤ ይህ አልበቃ ብሎ አስተናጋጁ የሚንጫጫ ቅቤ በመጥበሻ ይዞ መጥቶ ዓይኔ እያየ አንቆረቆረበት። ማታ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ውስጡ አይብ ያለበትንና በሽሮፕ የራሰውን ኩኔፌ በልቼ በቀጥታ ወደ አልጋዬ ሄድኩ። ሁለተኛውና ሦስተኛውም ቀን ከዚህ የተለየ አልነበረም። አስገድደውኝ ነው አልልም፤ ጣፍጦኝ ነው የበላሁት።

አሁን ሆዴ ተነፍቶ የቀሚሴ ዚፕ አልዘጋ ብሏል፤ ሌሊት ጋደም ስል ቃሩ እስከ ጉሮሮዬ እየመጣ ያስነሣኛል፤ ከመጣሁ ወዲህም በቅጡ አልተጸዳዳሁም። ትኩሳት የለኝም፤ አላስታወከኝም። ከዓመታት በፊት ጨጓራ አለብሽ ተብዬ ታክሜአለሁ፤ ለደም ግፊት በየቀኑ አምሎዲፒን እወስዳለሁ። ትናንት ራሴን ስላመመኝ ኢቡፕሮፌን ሁለት ጊዜ ወስጃለሁ።

ምን ብወስድ ይሻለኛል? ነገና ከነገ ወዲያስ ምን ላድርግ? በሁለቱም ቀን የምሳ ግብዣ አለብኝ፤ ዋጋ የምንነጋገረው ማዕድ ላይ በመሆኑ መቅረት አልችልም። ሰዎቹን ሳላስቀይም የምበላውን መቀነስ የምችልበትን መንገድ የምታውቁ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ ጋሽ ተልባ

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። መድኃኒቱ ተልባ ነው። ቱርኮቹ ኬተን ቶሁሙ ይሉታል፤ ኤሚኖኑ ከሚገኘው ከጥንቱ የቅመማ ቅመም ገበያ ታገኚዋለሽ። እዚያው ሲናሜኪ የሚባል ቅጠል ይሸጣሉ፤ እንደ ሻይ አፍልተሽ ማታ ከጠጣሽው እስከ ጠዋት አንጀትሽን ጠርጎ ያወጣልሻል። ነገ ደግሞ እህል የሚባል ሳትቀምሺ ዋይ። የሁለት ወር ጾም የቻለ ሰው አንድ ቀን አያቅተውም።

መልስ፦ ፋርማሲስቷ

እኅቴ፣ በመጀመሪያ ኢቡፕሮፌኑን ያቁሙ። የጨጓራን ግድግዳ ይጎዳል፤ የደም ግፊትንም ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ እርስዎ ደግሞ ሁለቱም ያለብዎት ሰው ነዎት። ራስዎን ካመመዎት ፓራሲታሞል ይሻላል። አምሎዲፒኑን ግን በራስዎ ፈቃድ እንዳያቋርጡ። ይህ መድኃኒት በአንዳንድ ሰው ላይ የጉሮሮን የታችኛውን በር በማላላት ቃርን ሊያባብስና ሆድንም ሊያደርቅ ይችላል፤ ስለዚህ ሲመለሱ ለሐኪምዎ ይንገሩት እንጂ መንገድ ላይ የሚተው መድኃኒት አይደለም።

ለቃሩ ዛሬ ማታ የሚያስፈልግዎ አሲዱን ወዲያው የሚያበርድ አንቲአሲድ ነው። ጉዞዎ ስድስት ቀን ስለቀረው ኦሜፕራዞልም ሊረዳዎት ይችላል፤ ይህ ግን ከቁርስ በፊት 30 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ የሚወሰድና ኃይሉን ለማሳየት ጥቂት ቀናት የሚፈልግ መድኃኒት ስለሆነ፣ ቃር በመጣ ቁጥር እንደ ከረሜላ የሚወሰድ አይደለም። አንቲአሲዱን ከሌሎች መድኃኒቶች ቢያንስ በሁለት ሰዓት ያራርቁት። ሲገዙም የደም ግፊት እንዳለብዎት ይናገሩ፤ አንዳንዶቹ ብዙ ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው፣ ግፊት የሚጨምረው ነገር) አላቸው፤ አሉሚኒየም ብቻ ያለበት ደግሞ ሆድን ይበልጥ ያደርቃል።

ጋሽ ተልባ ስለ ተልባው የተናገሩት ልክ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይጨመርበት። ተልባ የሚሠራው ውኃ ሲያገኝ ነው፤ ያለ በቂ ውኃ ከተወሰደ እዚያው አብጦ ድርቀቱን ያባብሰዋል። የተፈጨውን አንድ የሾርባ ማንኪያ በትልቅ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከዚያም ሌላ አንድ ብርጭቆ ውኃ ያስከትሉበት። ከመድኃኒቶችዎም ያራርቁት። ሲናሜኪን ግን አልደግፍም። ሰና የምንለው ቅጠል ነው፤ ማስቀመጡንስ ያስቀምጣል፤ ነገር ግን በእፍኝ ተለክቶ ሲፈላ መጠኑ አይታወቅም፣ ሆድን በኃይል ይቆርጣል፤ ነገ ገበያ ለገበያ ሲዞሩ መጸዳጃ ቤት ፍለጋ መሮጥ ነው የሚተርፍዎ። ማለስለሻ ካስፈለገ ላክቱሎስ ከፋርማሲ ይግዙ፤ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይወስድበታል፤ በመጀመሪያው ቀንም ነፋትን ሊጨምር ስለሚችል አይደንግጡ።

ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይበሉ መዋልንም አልመክርም። ተርቦ የዋለ ሰው ማታ ግብዣ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ቅባት ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ያዘገያል፤ በላዩ ሌላ ሲደረብበትና ሰውየው ሲጋደም ወደ ላይ ይመለሳል፤ የእርስዎ ሌሊት የተበላሸው በዚህ ምክንያት ነው። የመጨረሻውን ምግብ ከመተኛትዎ ሦስት ሰዓት በፊት ይጨርሱ፤ በግራ ጎንዎ ይተኙ፤ አልጋውን ከራስጌ በኩል ከፍ ማድረግ ካልተቻለም ትራሱን ከትከሻዎ ሥር ጀምረው ይደርድሩት፤ ራስን ብቻ ከፍ ማድረግ ሆድን አጥፎ ያባብሰዋል።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ሕመሙ የት ላይ ነው? መላ ሆድዎ ከሆነ የጥጋብ ነገር ሊሆን ይችላል። በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ከሆነና ቅባት ከበሉ በኋላ የሚመጣ ከሆነ ግን ይንገሩኝ። ከእምብርት አካባቢ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ የሚወርድ ሕመም፣ ወደ ጀርባ የሚዘልቅና ጋብ የማይል የላይኛው ሆድ ሕመም፣ ደም ያለበት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ውኃ እንኳ የማያስቀር ትውከት፣ እንዲሁም ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ግራ ክንድ የሚሄድ የደረት መጫን ከታየ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ደረት ላይ የሚሰማን ነገር ቃር ነው ብሎ መተው፣ በተለይ ግፊት ላለበት ሰው፣ አደገኛ ነው።

ነጋዴዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ኢስኬንደሩን ከበላሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ በቀኝ ጎድኔ ሥር ወግቶኝ ነበር፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ለቀቀኝ። ትናንትም ቦሬክ የሚሉትን ቅባታም የሊጥ ምግብ ከበላሁ በኋላ መለስ አለብኝ። ነፋት መስሎኝ ስለነበር አልጻፍኩትም። አሁን ሕመም የለኝም።

ፋርማሲስቷ፦

መጻፍዎ ጥሩ ነው። ቅባት ሲበላ የሐሞት ከረጢት ተጨምቆ ሐሞት ያፈሳል፤ ጠጠር ካለበት ያን ጊዜ ነው የሚወጋው። በረጅም ጾም ወቅት የሚያገኘው ቅባት ትንሽ ከሆነ እምብዛም ሳይጨመቅ ይቆይና በድንገት ቅቤ ሲመጣበት ሥራ ይበዛበታል። የእርስዎ ይህ ነው ብዬ አልወስንም፤ በጽሑፍ የሚወሰን አይደለምና። አዲስ አበባ ሲመለሱ የላይኛው ሆድ አልትራሳውንድ ይነሡ። እስከዚያ ድረስ የቀለጠ ቅቤ፣ ካይማክና በቅባት የተጠበሰ ነገር ለእርስዎ የተከለከለ ነው፤ «ትንሽ ብቻ» የሚባልም የለም። ሕመሙ መጥቶ ከጥቂት ሰዓት በላይ ካልለቀቀ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበት ወይም ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ግን አዲስ አበባን አይጠብቁ።

መልስ፦ የላሌሊ ተመላላሽ

እኅት፣ ለሕክምናው ፋርማሲስቷ አለችልሽ፤ እኔ ስለ ግብዣው ልንገርሽ። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ላሌሊ ወደሚባለው የኢስታንቡል የልብስ ገበያ ሰፈር እመላለሳለሁ፤ አንቺ የሆንሽውን እኔም በመጀመሪያ ጉዞዬ ሆኜ ሱሪ በአንድ ቁጥር ከፍ አድርጌ ገዝቼ ነው የተመለስኩት።

ሁለት ቃል ያዢ። አንዱ «አዝ» ነው፤ ጥቂት ማለት ነው። ኤስናፍ ሎካንታሲ በሚባሉት የነጋዴና የሠራተኛ ምግብ ቤቶች ምግቡ በመስታወት ውስጥ ተደርድሮ ስለሚታይ፣ በጣትሽ እያመለከትሽ «አዝ» ካልሽ ከሙሉው ያነሰ ሳሕን ይሰጡሻል፤ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ማንም አይታዘብሽም። ሁለተኛው ቃል «ቡቹክ» ነው፤ ይህን የምትይዢው ልትናገሪው ሳይሆን ስትሰሚው እንድትነቂ ነው። ጋባዥሽ አስተናጋጁን «ቢር ቡቹክ» ካለው አንድ ተኩል አዘዘልሽ ማለት ነው። አክብሮ ነው የሚያደርገው፤ ግን ያን ጊዜ ዝም ካልሽ አበቃልሽ። ፈገግ ብለሽ «ሃይር፣ አዝ» በይ። ሳሕኑ ፊትሽ ከቀረበ በኋላ ከመከራከር ሲታዘዝ መናገር ይቀላል። ኢስኬንደር ካዘዙልሽ ደግሞ ባለ መጥበሻው ከመድረሱ በፊት «ቴሬያዪ ኢስቴሚዮሩም» በዪው፤ ቅቤ አልፈልግም ማለት ነው። አንዳንዱ አስተናጋጅ እንደ ስድብ ቆጥሮ ያይሻል፤ ይየው።

ከተቻለ ደግሞ ቦታውን አንቺ ምረጪ። ጋባዥ የሚፈልገው እንግዳው ደስ እንዲለው ነው፤ «እንዲህ ያለውን የሠራተኛ ምግብ ቤት እወዳለሁ» ካልሽው ደስ ብሎት ይወስድሻል፤ ለኪሱም ይቀለዋል። እዚያ የምስር ሾርባ አለ፤ መርጂመክ ቾርባሲ ይሉታል፤ ሎሚ ተጨምቆበት ሲጠጣ የኛን ምስር ክክ ያስታውሳል። ቅቤ አናቱ ላይ ጣል ስለሚያደርጉ ግን እዚህም ቀድመሽ ተናገሪ።

መልስ፦ የፋቲህ ነዋሪ

እኔ ለትምህርት መጥቼ ኢስታንቡል የቀረሁ ነኝ። ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ጥቂት ልጨምርበት።

ቱርኮች በእንግዳ አያያዝ ከእኛ አይለዩም፤ የእኛን «በሞቴ» በሌላ ቋንቋ ነው የሚሉት። ስለዚህ «በቃኝ» ብቻ ማለት እንደ እኛው አገር ይሉኝታ ተቆጥሮ እንደገና ይጨመርልዎታል። የሚሠራው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ «ኤሊኒዜ ሳሊክ» ይላሉ፤ እጅዎ ይባረክ እንደማለት ነው። ከዚያ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው «ዶይዱም» ይላሉ፤ ጠግቤአለሁ ማለት ነው። ምስጋናው ከቀደመ እምቢታው አያስከፋም። ሻይ እየተደጋገመ ሲቀዳልዎ ደግሞ ማንኪያዎን በብርጭቆው አፍ ላይ አጋድመው ያስቀምጡት፤ ይበቃኛል የሚል ምልክት ነው። ሐኪም ከለከለኝ ማለትም ይቻላል፤ እዚህ አገር በጤና ምክንያት የሚከራከር ጋባዥ አልገጠመኝም።

ባቅላቫ ከመጣ፣ የጋዚአንቴፕ ነው ብለው በኩራት ያቀርቡልዎታል፤ ኩራታቸውም ምክንያት አለው፤ የዚያ ከተማ ባቅላቫ እ.ኤ.አ. በ2013 በአውሮፓ ኅብረት በአገሩ ስም የተመዘገበ የመጀመሪያው የቱርክ ምርት ነው። ቅቤው ብዙ ስለሆነ አሁን ለእርስዎ አይሆንም፤ «ፓኬት» ብለው ያስጠቅልሉትና ለልጆችዎ ይውሰዱት። ጋባዡ ይበልጥ ደስ ይለዋል።

ምን ልብላ ካሉ፣ ዘይቲንያሊ የሚባሉትን ይፈልጉ። ፎሶሊያ፣ ባሮ ሽንኩርት፣ አርቲቾክ የመሳሰሉ አትክልቶች በወይራ ዘይት ተሠርተው ቀዝቅዘው የሚቀርቡ ናቸው፤ ሥጋም ቅቤም የላቸውም። በጾም ወራት የምንኖረው በእነዚህ ነው። ዘይታቸው ግን ጥቂት አይደለም፤ ሕመም ስላለብዎ ዘይቱን ሳሕኑ ላይ ትተው አትክልቱን ይብሉ። ሆድ የሚደርቀው ደግሞ እንጀራችንን ትተን በነጭ ዳቦ ስለምንሞላ ጭምር ነው፤ ጤፍ ከነቅርፊቱ የሚፈጭ እህል ስለሆነ አሰሩ ብዙ ነው፤ እዚህ ያለው ነጭ ዳቦ ግን ባዶ ነው። ዳቦው ሲተካ ቅርጫቱን ወደ ጋባዡ ጠጋ ያድርጉት። ከምሳ በኋላ ከላሌሊ እስከ ኤሚኖኑ ቁልቁለቱን በእግር ይውረዱ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ለሆድም ለዓይንም ይበጃል፤ ሽቅቡን በትራም ይመለሱ።

ፋርማሲ «ኤጅዛኔ» ይባላል፤ ቀዩን «ኤ» ፊደል በሩ ላይ ያዩታል። በማታና በእሑድ አብዛኛዎቹ ይዘጋሉ፤ ነገር ግን በየአካባቢው ተራ ደርሶት የሚያድር «ኖቤትቺ ኤጅዛኔ» አለ፤ የትኛው እንደሆነ በተዘጉት በር ላይ ተለጥፎ ያገኙታል። ለድንገተኛ አደጋ 112 ይደውሉ። ቤት ውስጥ ሆድ ሲነፋ እዚህ ሰዎች ናኔ ሊሞን ያፈላሉ፤ ናናና ሎሚ ነው። እኔም ይጥመኛል፤ ናና ግን ቃርን ሊያባብስ ስለሚችል ለእርስዎ አሁን አይሆንም ባይ ነኝ፤ ፋርማሲስቷ ብታርመኝ ደስ ይለኛል።

ፋርማሲስቷ፦

ምንም የሚታረም የለውም። ቃር ላለበት ሰው ናና ይቅር፤ ቀጭን የዝንጅብል ሻይ ይተካዋል።

መልስ፦ የግፊት ባልደረባ

ማንም ሳያነሣው እንዳያልፍ፦ የዚያ አገር ቁርስ ጨው ነው። አይቡ፣ ወይራው፣ ሱጁኩ፣ ፓስቲርማ የሚሉት ቋንጣ፣ ሁሉም በጨው የቆየ ነው፤ አይራን የሚሉት የእርጎ መጠጥም ጨው አለው። እኔ ሦስት ቀን እንደዚያ በልቼ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎኝ ነበር፤ ግፊቴም ከወትሮው ወጥቶ አገኘሁት። እንቁላል ቅቅል፣ ኪያርና ቲማቲም ከዚያው ጠረጴዛ ላይ አለልሽ። ምግብ ይፍጭልኝ ብለሽ እንደ አምቦ ውኃ የሚጠጡትን «ማደን ሱዩ» አታብዢ፤ ጋዙ ነፋትሽን ይጨምራል፤ አንዳንዱም ሶዲየሙ ከፍ ያለ ነውና ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን እይ።

ነጋዴዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሦስተኛ ቀኔን ቆጥሬ ነው የምጽፈው።

ያን ዕለት ማታ በተዘጋው ፋርማሲ በር ላይ የተለጠፈውን ለሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ አስነብቤ ተረኛውን አገኘሁት። ግፊት እንዳለብኝ ስነግረው ፋርማሲስቱ መጀመሪያ ያነሣውን መልሶ ሌላ ሰጠኝ። ከሰባት ሰዓት ሌሊት ጀምሮ ሳልነቃ አደርኩ። ተልባውን በሁለት ብርጭቆ ውኃ ጠጣሁ፤ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሆዴ ተፈታ። ጋሽ ተልባ፣ ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ሲናሜኪውን ግን ገበያው ላይ አይቼ አልፌዋለሁ።

የመጀመሪያው ግብዣ ላይ አቅራቢዬ «ቢር ቡቹክ» ሲል ሰማሁት። «ሃይር፣ አዝ» አልኩ። ሰውየው ዞር ብሎ አየኝና ሆዱን መታ መታ አድርጎ ሣቀ፤ ከዚያ ለራሱም «አዝ» ብሎ አዘዘ። ለካ እሱም ሐኪም ቀንስ ብሎት እንግዳ አፍሮ ኖሯል አብሮኝ ሲበላ የከረመው። ምስር ሾርባና ፎሶሊያ በልተን ዋጋውን ጨረስን። ባቅላቫው ተጠቅልሎ ሻንጣዬ ውስጥ ነው። በቀኝ ጎኔ ያለው ሕመም አልተመለሰብኝም፤ ቢሆንም ለሚቀጥለው ሳምንት የአልትራሳውንድ ቀጠሮ እንድትይዝልኝ ለእኅቴ ደውዬላታለሁ። ውጤቱን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።